ከባሕሩ ሃምሳ ሜትር

ወረዳው ሠራተኛውን አርሂንን ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ወደ አንኮቢ የላከው ማክሰኞ ቀን ነው። አለቃው የመሀል አገር ሰው ስለሆነ፣ በዚያ ዳርቻ ማክሰኞ ባሕሩ እንደሚያርፍ፣ አንድም ታንኳ ውኃ እንደማይነካ አያውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን አርሂን የሚያገኘው ሴቶችንና ሽማግሌዎችን ነበር። ያን ጠዋት ግን የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ አሸዋው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር።

አርሂን አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ሠላሳ ሜትር የሚዘረጋ ጥቅል ሜትርና አንድ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ላይ የሰባት ዓሣ ማጨሻ ቤቶች ባለቤቶች ስም ሰፍሯል። ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር እስከ ሃምሳ ሜትር ድረስ ቤት መሥራት ክልክል ነው፤ ቀይ የተቀባ ቤት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይፈርሳል። ከማጨሻዎቹ ቀጥሎ የውጭ አገር ሰዎች ሪዞርት አለ። የግንቡን እግር ሞገድ ይልሰዋል። ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። አርሂን ለምን እንደሌለ ጠይቆ፣ "የእነሱ ጉዳይ ከላይ ተይዟል" ተብሎ ጣሳውን አንስቶ ወጥቷል። መከራከር አይሆንለትም።

ከስሞቹ የመጀመሪያው የእማማ ኤፉዋ ነው። ታንኳ ሲመለስ የዓሣውን ዋጋ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይናገሩ ቅርጫት ከመሬት አይነሳም። አርሂን ሲደርስ ጭሱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ዓሣ ያገላብጡ ነበር።

"እንዴት አደሩ፣ እማማ?"

"ደኅና፣ ልጄ።" ጣሳውን አዩት። "ልትኩለኝ ነው የመጣኸው? ሠርጌ እኮ ካለፈ አርባ ዓመቱ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። አርሂን ጆሮው እየጋለ ወረቀቱን አነበበላቸው።

"ሃምሳ አይሞላም ያለው ማነው? ማን ለካው?"

አርሂን ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

"እንጃ፣ እማማ።"

"እንጃ አለ!" ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ከወረዳ መጥቶ እንጃ የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ዕድሜ ይስጥህ። የጎረቤቴስ ግንብ?"

"እሱ እዚህ አልተጻፈም።"

"ለአንዱ እናት፣ ለአንዱ እንጀራ እናት!" አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከመረቡ ቀና ሳይል።

"አንተ ስፌትህን ስፋ" አሉት። ከዚያም ለአርሂን፣ "እንግዲያው ለካ። ከእኔ ጀምር። እስከዚያ ድረስ ሂድ" ብለው በአገጫቸው ግንቡን አሳዩት።

ሜትሩ አጭር ስለነበር የትልቁን መረብ ገመድ አመጡለት። አርሂን ሥራ ሲይዝ ዓይን አፋርነቱ ይለቀዋል። ገመዱን በሁለት ጎን አስወጠረ፤ ከሜትሩ ጋር አስተያይቶ ሃምሳው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። "ተወጥሮ ካልሆነ አይለካም" ብሎ እንደገና አስወጠረና በድጋሚ ለካ። የሙላቱ መስመር ጨረቃዋ በሞላች ሰሞን ባሕሩ የተፋው ጥቁር አረም ነው፤ ከመንደሩ እስከ ግንቡ ድረስ አሸዋው ላይ እንደ ክር ተዘርግቷል። ማንም ሊከራከርበት አይችልም።

በባሕሩ በኩል የገመዱን ጫፍ የያዘው የእማማ ኤፉዋ አማች ክዌሲ ነው። ገመዱ ወደ ማጨሻው ሲሳብ ክዌሲ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። አንድ እርምጃ። ሦስት። ዘጠኝ። ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። መንደሩ በሙሉ አይቷል፤ አርሂንም አይቷል። ቀዩ ጨርቅ ማጨሻው ደጃፍ ላይ ቀረ፤ ቤቱ ከሃምሳው ውጭ የሆነ መሰለ።

"ክዌሲ!" አሉ እማማ ኤፉዋ። "ወዴት ነው? ልትዋኝ ነው?"

"ኧረ እማማ... አሸዋው አንሸራቶኝ ነው።"

"አሸዋው ዳገት ሲወጣ ያንሸራትታል፣ ቁልቁል ያንሸራትታል፣ ለአንተ ብቻ ዘጠኝ ሜትር ያንሸራትታል! ተመለስና አረሙ ላይ ቁም።"

ተመለሰ። ገመዱ ተወጠረ። ቀዩ ጨርቅ በማጨሻው ጣሪያ ላይ አልፎ ከኋላ ወደቀ። አርሂን ሁለት ጊዜ ለካ፤ ሁለቱንም ጊዜ አርባ አንድ ሆነ።

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ በሩ ፊት ቆመ። እማማ ኤፉዋ ብሩሹን ተቀበሉት፤ የገዛ በራቸው ላይ ሰፊ ቀይ መስቀል አደረጉ፣ የፈሰሰውንም በጣታቸው ጠርገው አስተካከሉት።

"ቀጥል" አሉት። "በዚሁ ገመድ። በእነዚሁ ሰዎች።"

ለአርሂን ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ቤታቸውን በዘጠኝ ሜትር ውሸት አድነው ቢሆን ኖሮ፣ ግንቡ ሥር ሲደርስ ገመዱን የሚያምነው አይኖርም ነበር። በሕይወቱ ብዙ የሚጮኹ ሰዎች አይቷል። በራሳቸው በር እንዲህ ጸጥ ብለው የሚጀምሩ ሰው ግን አላጋጠመውም።

ከቀሩት ስድስት ማጨሻዎች ሁለቱ ከሃምሳ በላይ ሆኑ፤ ወረቀቱ በከንቱ ኮንኗቸው ኖሯል። በመጨረሻ ግንቡ ጋ ደረሱ። አረሙ ከግንቡ እግር ሥር ገብቶ ስለቀረ ገመዱን መዘርጋት አላስፈለገም። ዘበኛው የዚያው መንደር ልጅ ነበር።

"እማማ፣ እንጀራዬን ልትቆርጡ ነው?"

"አንተ በርህን ጠብቅ፤ በሩን ማን ነካው?"

አርሂን ነጩ ግንብ ላይ መስቀሉን ቀባ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ በሰባቱ ስሞች ትይዩ የለካውን ጻፈ፤ ስምንተኛ መስመር ጨምሮም ሪዞርቱን አስገባ። ገመዱን የያዙት ሁሉ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ እየነከሩ ጀርባው ላይ ፈረሙ። ባዶ የነበረው ጀርባ ሞላ። የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ስልክ ይዞ ይንጎራደድ ነበር።

እማማ ኤፉዋ አሥራ አምስት ቀን አልጠበቁም። ዓሣውን ከጭሱ አወጡ፤ ሰዎቹም ቆርቆሮውን ነቅለው፣ ምሰሶዎቹን በትከሻ አንስተው ቀዩ ጨርቅ ወድቆበት ወደነበረው ቦታ መሄድ ጀመሩ። የምሰሶዎቹ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር እሳቸው በእግራቸው ያሳያሉ፣ "ወደዚህ! ወደዚያ አይደለም፣ ዓይን የለህም?" እያሉ።

የአርሂን ስልክ ጮኸ። አለቃው ነበር።

"ምንድን ነው የሠራኸው? አሁን ከላይ ደውለውልኛል!"

"ለካሁ፣ ጌታዬ።"

"ማን ለካ አለህ?"

አርሂን ለሥራው የሚሳሳ ሰው ነው። ምሰሶ የተሸከሙት ሰዎች ቆም ብለው ያዩታል። ወረቀቱን ገልጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ኤፉዋ፣ አርባ አንድ። ራሳቸው እያፈረሱት ነው" አለ። ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛውን፣ ሃምሳ ሁለትና ሃምሳ ሦስት የሆኑትንም ሳያስቀር አነበበ። በመጨረሻ ስምንተኛውን፣ የሪዞርቱን አነበበ።

"ድገመው" አለ አለቃው።

"ዜሮ" አለ አርሂን።