ሊጠፋ የተሠራ ቤት

አናጢዋ አርባ ዓመት ሙሉ ለፊልም ግድግዳ ስታቆም ኖራለች። በዚህኛው ፊልም ግን ሥራዋ አረንጓዴ ጨርቅ መወጠር ሆነ። ፕሮዲውሰሩ ደምሮ ቀንሶ፣ የፊልሙን ቤት ከመሥራት፣ አረንጓዴውን አጥፍቶ በቦታው በኮምፒውተር መሳሉ ይረክሳል ብሏል። እንድትሠራ የተፈቀደላት አንዲት ወንበር ብቻ ናት።

መሪ ተዋናዩ ባሏ ነው። አንጋፋ ነው፤ ዘንድሮ ግን ካሜራ ፊት ቃል ይጠፋዋል። አንድ ቀን ስድስት ጊዜ ቀረጹት፣ ስድስቴም መሐል ላይ ቀጥ አለ። ፕሮዲውሰሩ፣ ነገም ካቃተው ሌላ ሰው እንደሚተካ ለአናጢዋ ነገራት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲነግራት ቀና ብሎ ለማየት አፍሮ ነበር።

ማታ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ።

«ቃሉን እኮ አውቀዋለሁ» አላት ባሏ መንገድ ላይ። «መደርደሪያውን ስነካ ይሄን፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ ያን እያልኩ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የምይዘው። አሁን መደርደሪያ የታለ? መስኮት የታለ? ባዶ ሜዳ!»

ያን ሁሉ ዓመት በሠራቻቸው ግድግዳዎች ቃሉን ያስያዘችው እሷ መሆኗን አላወቀችም ነበር።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ከውዳቂ ጣውላ መስኮት ገጠመች፣ መደርደሪያ ቸነከረች፣ መቃን አቆመች፤ ከዚያ ሁሉንም እንደ ጨርቁ አረንጓዴ ቀባችው። ኮምፒውተሩ ጨርቁን ሲያጠፋ ይህንንም አብሮ ያጠፋዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እንዲጠፋ ተብሎ ቤት ይሠራል!

«እትዬ፣ ለዚህ በጀት አልያዝንም» አለ ፕሮዲውሰሩ።

«የትናንቱ ስድስት ጊዜ ቀረጻ በጀት ተይዞለት ነበር፣ ልጄ?»

ፕሮዲውሰሩ ቀረጻውን ወደ ከሰዓት አዛወረው።

ከሰዓት ቀለሙ ሲደርቅ ባሏ ገባ። እጁ መቃኑን አገኘ፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን፤ ቃሉም ተከታትሎ መጣ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጠርዙን እያሻሸ፣ አንዲት ቃል ሳይስት ጨረሰ። አናጢዋ ከካሜራው ጀርባ መዶሻዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር።

ፊልሙ የተመረቀ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። መስኮቱ በኮምፒውተር የጥንት ድንጋይ ሆኗል፤ ከእሷ ጣውላ ስንጥር አይታይም። ምን ይዋሻል፣ ትንሽ ከፋት።

«ድንጋዩን እንዴት እንደሚዳስሰው አየሽ?» አለች ከኋላቸው አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ባሏ በጨለማው ውስጥ ዞረ።

«ጣውላ ነው!» አለ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ሚስቴ ናት የሠራችው!»

አናጢዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም እጅጌውን ጎተተችው።