የፔስካዴሮ ዳቦ

ጋሽ ካሣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ጸጥ ያለ መንገድ መፈለግ ሆነ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የንጉሡ ዘመን ተማሪ፣ ሠላሳ ዓመት መንገድና ድልድይ ሲነድፉ የኖሩ መሐንዲስ። አሁን የሚነድፉት ለብስክሌት ብቻ ነው። በባሕሩ ዳር ኮረብቶች መሐል መኪና የማይበዛበትን መንገድ ያጠኑና በፖስትካርድ መጠን ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። የት እንደሚታጠፍ፣ የት ውሃ እንዳለ፣ ከየትኛው ግቢ ውሻ እንደሚወጣ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሁሉ አለበት። ከእያንዳንዱ ቦታ ወደ መኪናው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ይጽፋሉ። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ብትወድቅብኝ በስንት ሰዓት ሐኪም ቤት እንደማደርስህ ማወቅ የለብኝም?» አሉኝ።

እኔ ብሩኬ እባላለሁ። በዲቪ መጥቼ ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ቢለኝ ጋሽ ካሣ ላይ ተጣበቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችን እንወጣለን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። ይቆጡኛል፣ ያሾፉብኛል፣ አቀበት ላይ ግን ጥለውኝ ሄደው አያውቁም።

ያን ቅዳሜ ሊቀሩ ነበር። ታላቅ እህታቸው እትዬ እታገኝ ሳን ሆሴ ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ጉሮሯቸው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለ መናገር አይችሉም፤ የሚፈልጉትን በወረቀት ይጽፋሉ። ሐሙስ ዕለት በሚንቀጠቀጥ እጅ «ፔስካዴሮ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «ዳቦዬን» አሉበት። ፔስካዴሮ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ያለች አሮጌ መንደር ናት። አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት ከትተው የሚጋግሩት ዳቦ አለ፤ ጋሽ ካሣ በሄዱ ቁጥር ለእህታቸው ያመጣሉ። ዶክተሮቹም ቱቦው በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል ብለው ስለነበር «እንግዲያው ሲወጣላት ትበላዋለች» ብለው ተነሡ።

ሃፍ ሙን ቤይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ መኪናችንን አቁመን ጎማ ስንነፋ ስልኬ ጮኸ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። እትዬ ያለምዘውድ ናቸው። በእኛ ሰፈር ኀዘን ሲደርስ ሰው የሚጠሩት፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባና ማን አፍ እንደሚከፍት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«ካሣ አጠገብህ ነው?»

«አዎ።»

«ዘወር በል እስቲ።»

ከመኪናው ጀርባ ዞርኩ።

«የእታገኝ ነገር አበቃ፣ ብሩኬ። ሌሊት ብሶባት ዶክተሮቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ዛሬ ቱቦውን ሊነቅሉላት ነው። ልጇ ሃሴት ለካሣ ልትደውል ነው፤ በዚያ አማርኛዋ እንዴት አድርጋ ነው የምትነግረው? እሱ ልቡን ያመዋል። ብስክሌት ላይ ሰምቶ ገደል ቢገባስ? ስልኩን ውሰድበት። ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ቤቱ ሄደን በወጉ እናረዳዋለን።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። አላመነታሁም። የአባቴን ሞት የሰማሁት ፋብሪካ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎልኝ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩና ተመልሼ ማሽኔ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ያለ መርዶ ጋሽ ካሣን አያገኛቸውም ብዬ በልቤ ማልሁ። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

«ጋሽ ካሣ፣ የኔ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ነው። በእርስዎ ፎቶ ላንሳ?»

«እንዳትጥልብኝ ብቻ። ሃሴት ከደወለች ንገረኝ» ብለው ሰጡኝ። ድምፁን አጠፋሁና በብስክሌቴ መሪ ላይ ባለችው፣ ክዳኗ ውስጧን በሚያሳየው ቦርሳ ከተትኩት።

ከከተማው እንደወጣን መንገዱ በኮረብቶቹ መሐል ገባ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። በግራና በቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የአርቲቾክና የዱባ እርሻ፣ አልፎ አልፎ ቀለሙ የለቀቀ የእንጨት ቤት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነፍሴ ነበር የምትረካው። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከቦርሳዬ አልነቀል አለ። ስልኩ ይበራል፣ ይጠፋል። ሃሴት። ደግሞ ሃሴት። አሁንም ሃሴት።

በመሐል የኔ ጎማ ተነፈሰና እሱን ስንጠግን ቆየን። ፑሪሲማ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ፑሪሲማ ድሮ ትምህርት ቤትና ሆቴል የነበራት መንደር ናት፤ አሁን የቀረው መቃብሩ ነው። ጋሽ ካሣ ሁልጊዜ እዚያ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። ከሣሩ ውስጥ ብቅ ያሉትን ድንጋዮች እያዩ «መንደር ሲሞት የሚያስቀብረው አለመኖሩ ይገርመኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሃሴት አልደወለችም?»

በዚያች ቅጽበት ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ በርቶ አየሁት። የድምፅ መልእክት ይላል። የልቅሶ ድምፅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«አልደወለችም» አልኩ። አላረካቸውም መሰለኝ ወደ ቦርሳዬ ሲያዩ፣ «እዚህ ስልክ አይሠራም፣ ጋሽ ካሣ። ኔትወርክ የለም» ብዬ ጨመርኩበት።

«እስካሁን ካልደወለች ደህና ናቸው ማለት ነው» ብለው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ።

ከዚያ በኋላ እውነትም ኔትወርኩ ጠፋ። ሳን ግሬጎሪዮ የምትባለውን መንደር አልፈን በድሮው የፈረስ ጋሪ መንገድ ዳገት ወጣን፣ ቁልቁለት ወረድን። ፔስካዴሮ የገባነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነጩን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አልፈው በቀጥታ ወደ ዳቦው ሱቅ ሄዱ። ሁለት ገዙ። አንዱን በትኩሱ ቆርሰው ሰጡኝ። ሁለተኛውን በወረቀት ላይ ወረቀት ጠቅልለው፣ ከዚያ በገዛ ሹራባቸው ጠቀለሉና ኮርቻቸው ሥር አሰሩት። ራሳቸው እየበረዳቸው ነው።

«ሽታው ብቻ ያነቃታል» አሉ።

ሰውዬው ለሞተ ሰው ዳቦ ሲጠቀልሉ ቆሜ አየሁ፣ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬንም ጨዋነት ነው ብዬ ያዝኩት።

ወደ መኪናው ስንመለስ አስር ሰዓት ሆኗል። ብስክሌቶቹን ስንጭን እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኬን። ልጅቷን ልጠይቃት።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ ጋሽ ካሣ። ቤት ስንደርስ…»

«ስልኬን አልኩህ።»

ሰጠኋቸው። አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሏል። የድምፅ መልእክቱን ከፈቱት። ሃሴት ናት፤ ግን እያለቀሰች አልነበረም። እየተጣደፈች ነበር።

«አንክል፣ ፕሊስ ኮል አድርግልኝ። ቱቦው ወጥቷል፣ ግን እማዬ ቶክ እያደረገች ነው! ናርሷ ትንሽ አወር ብቻ ነው ያላት ብላለች። አንተን ነው የምትጠይቀው። ፕሊስ ና። ቆይ፣ እሷን ላቅርብልህ።»

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያልተሰማ፣ የሻከረ፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ካሣዬ… ትጠብቀኛለች በልና ና። ቁልቁለቱ ላይ ግን ቀስ በል፣ እኔ እቆይሃለሁ።»

ጋሽ ካሣ የመኪናውን በር ያዙ። ከመልእክቱ ሥር ሃሴት ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የላከችው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። አነበቡት። ለእኔ አላነበቡልኝም፤ እትዬ እታገኝ እንዳረፉ ለማወቅ መስማት አላስፈለገኝም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እንደሞቱ ቆጥሬያቸው የዋልኩት ሴትዮ ከሦስት ሰዓት በላይ እያወሩ፣ ወንድማቸውን እየጠበቁ ነበር።

«ድምፁ የተላከው አራት ሰዓት ከአስር ላይ ነው» አሉ። ድምፃቸው የመሐንዲስ ድምፅ ነበር፣ የሰው ድምፅ አልነበረም። ከደረት ኪሳቸው ወረቀቷን አወጡና በጣታቸው መስመር መስመሩን ወረዱ። «ፑሪሲማ፣ መቃብሩ ጋ። በዋናው መንገድ ወደ መኪናው ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ከዚህ ሳን ሆሴ አንድ ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ ነበር።»

«ጋሽ ካሣ፣ እኔኮ እትዬ ያለምዘውድ… በወጉ እንዲሆን…»

«ጠይቄህ ነበር» አሉኝ። እስከ ሳን ሆሴ ድረስ ያንን ድምፅ ደጋግመው ከፈቱት። «ቀስ በል» ባለ ቁጥር እኔ መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት አስራ ሦስት ሰው ሆነን በራቸው ላይ ቆምን። እትዬ ያለምዘውድ ጥቁር ለብሰው ከፊት ናቸው፤ እኔ ከሁሉም ኋላ። ማንኳኳት አላስፈለገም፤ በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ካሣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበሮቹን በዙሪያው ደርድረው ተቀምጠዋል። ሃሴት አጠገባቸው ናት። ጠረጴዛው ላይ ያ ዳቦ ከነሹራቡ አለ፤ አልተፈታም።

«ግቡ። ልትነግሩኝ የመጣችሁትን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ» አሉ።

ሴቶቹ ለልቅሶ የከፈቱትን አፍ ዘጉ። እትዬ ያለምዘውድ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሃሴት ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። «ሂ ዎንትስ ዩ ቱ ሃቭ ዚስ፤ አንተ እንድትይዘው ነው» አለችና የመንገዱን ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ካሣ ቀና ብለው አላዩኝም።

ወረቀቷን በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። መታጠፊያዎቹ፣ ውሃው፣ ውሾቹ፣ ነፋሱ፣ ደቂቃዎቹ እንዳሉ ናቸው። ፑሪሲማ ከሚለው ሥር ግን በዚያው እርሳስ፣ በዚያው ጥንቁቅ እጅ አዲስ መስመር ተጽፏል።

«እዚህ ስልክ ይሠራል።»