ቀይ ላይ የወጣው ጌጅ
ከጊዳ አያና ወደ ነቀምቴ የሚሄደው ሚኒባስ፣ ማንም መቆም ከማይፈልግበት ጫካ አጠገብ ከቆመ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ጌጅ በድንገት ቀይ ላይ ስለወጣ ሹፌሩ አስናቀው አልነዳም ብሏል። አምና ሞተር ተቃጥሎበታል። ተሳፋሪዎቹ ዓይናቸውን ከዛፎቹ ሳይነቅሉ ያጉረመርማሉ።

ከኋላ ወንበር ሩት ወረደች። ነቀምቴ ውስጥ መካኒክ ናት፤ ከለቅሶ እየተመለሰች ነበር። ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"ጋሼ፣ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።"

ሞተሩን ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። የራዲያተሩም ውሃ ሙሉ ነው። "አሁን ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያዙሩት።"

ጌጁ ወዲያው ቀይ ላይ ዘለለ። ሩት ሙቀቱን ለጌጁ የሚያሳውቀውን የሴንሰር ሽቦ ስትነቅለው ደግሞ ወደ ታች ወረደ።

"ሽቦው ደህና ነው። የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው" አለች።

"ብትሳሳቺስ?" አላት አስናቀው።

"ደፊ! ኧረ ፍጠኚ ልጄ!" አሉ አንዲት አሮጊት ከውስጥ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ።

"ሽቦው እንደተነቀለ እንሂድ" አለች ሩት። "በየመንደሩ እየቆምን ሞተሩን አየዋለሁ።"

አስናቀው ሬዲዮውን አጥፍቶ ነዳ። ሩት ከጎኑ ተቀምጣ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጣለች፤ ትንሽ ለየት ባለ ቁጥር እጇ ወንበሩን ይጨብጣል። ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሞተሩ ደህና ነበር።

ነቀምቴ ሲደርሱ ተሳፋሪዎቹ ሳይሰናበቱ ተበተኑ። አስናቀው ግን መሪውን እንደያዘ ቀረ።

"እኔ እኮ እዚያው ጫካ አጠገብ ላሳድራችሁ ነበር" አላት።