ዘጠኝ ቋጠሮ

«ክሩን ስጪኝ» አለች ሲስተር፣ መዳፏን ዘርግታ።

«ትመልሺልኛለሽ?»

«ክር እዚህ ክልክል ነው። ታውቂያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ከብርድ ልብሱ ጠርዝ የመዘዘችውን ሰማያዊ ክር ጣቷ ላይ ጠቅልላዋለች። ስንዝር አይሞላም፤ አዝራር እንኳ አይይዝም። የድንገተኛ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ ደንብ ግን ክርን ከገመድ አይለይም። ሲስተር ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። አንድ ትሪ በመጣ ቁጥር አንድ እቋጥራለሁ። ቅዳሜ ምሳና እራት፣ እሁድ ሦስት፣ ሰኞ ሦስት፣ የዛሬ ቁርስ አንድ። ዘጠኝ። ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ ኖሬ ሦስት ቀን መለካት ያቅተኛል?»

ቅዳሜ ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። አምስት ሌሊት ሳትተኛ ስትሰፋ ከርማ፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት የስፌት ማሽኗን ከሰገነት ወረወረችው። ማሽኑ ማንም ላይ አላረፈም፤ ወንድሟ ግን ከዚያ ወዲያ አላረፈም። ከሁለት ጥበቃዎች ጋር አፋፍሶ አመጣት። አሁን እንቅልፍ አግኝታለች፤ ለማሾፍም በቅታለች።

«ሦስት ቀን ሲሞላ ወይ ሌላ ሐኪም ያየኛል፣ ወይ በሩ ይከፈታል። ይሄን የነገረኝ ማን መሰለሽ? ጽዳቱ። መወልወያውን ተደግፎ።»

ሲስተር ክሩን ኪሷ ከተተችው።

«ወንድሜ እሁድ መጥቶ ምን አለኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ልጅሽን ለአባቷ እልካታለሁ። እናቷ መቼ እንደምትወጣ አይታወቅም ብሎ። ስልክ ብጠይቅ ከነገ ወዲያ አሉኝ። እባክሽ እህቴ፣ እስከ ሐሙስ አታቆዩኝ።»

«ዶክተሩን ላናግረው» አለች ሲስተር። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው መቁጠር ካቆመች ቆይታለች።

ፋይሉን ከመደርደሪያው አወጣች። የመግቢያው ገጽ ላይ ማኅተሙ ደማቅ ሆኖ ተመትቷል፦ ሰኞ። የቀን ማኅተሙ የሚቀመጠው በመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ቅዳሜና እሁድ አይገባም፣ የመሳቢያው ቁልፍም አብሮት ያርፋል። ቅዳሜና እሁድ ያበደ ሰው ታዲያ በወረቀት ላይ የሚያብደው ሰኞ ነው። ሠራተኞቹ «የሰኞ ልጆች» ይሏቸዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ያስቃቸው ነበር።

ከሥሩ ለሚገባ ሕመምተኛ ሁሉ የሚነበበው የመብት ማስታወቂያ ወረቀት አለ። «ለመስማት ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላል፣ በራሷ በሲስተር እጅ ጽሑፍ። ያን ቅዳሜ ለአሥራ አራት ሕመምተኛ ሁለት ነርስ ብቻ ሆነው ነበር። ሴትዮዋ መርፌ ተወግታ ተኝታ ነበር። የተኛ ሰው ፈቃደኛ አይሆንም፤ ይሄም አንድ አነጋገር ነው።

ወጣቱ ዶክተር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ብስኩት ያኝካል።

«ዶክተር፣ የአምስት ቁጥሯ ጊዜዋ ሞልቷል።»

«የማሽኗ ሴትዮ?» ፋይሉን ገለጠ። «ሰኞ ነው የሚለው። እስከ ሐሙስ አለን።»

«ሰኞ የገባው ማኅተሙ ነው። እሷ ቅዳሜ ነው የገባችው።»

«ሲስተርዬ፣ ይሄን አንቺም እኔም እናውቃለን። ማን ይቆይ ማን ይውጣ የሚለው ኮሚቴ የሚያየው ማኅተሙን ነው። ሁለተኛው ሐኪምም እስከ ሐሙስ የለም።»

«ቀኑን አንድ ሳታጎድል ቆጥራዋለች እኮ።»

«በምን?»

«በክር።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አወጣና እየተናገረ ጻፈ። «ቀን... ይምታታባታል። ቅዳሜ ገባሁ ትላለች። በክር... ትቆጥራለች።»

«ትክክል ናት እያልኩዎት እኮ ነው።»

«ከፋይሉ ጋር አይገጥምም።» ዘግቶ መለሰላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቤቱ አልሄደም። ጥቂት ተራምዶ ዞረ። «ለመሆኑ ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል?»

«ማክሰኞ ነው» አለችው።

ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እግሯ አብጧል። ጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቶታል። አሁን እውነቱን ብትጽፍ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማኅተሙን አይደለም፤ ቅዳሜ ማን ተቀበላት፣ ፈቃደኛ አልሆነችም ብሎ የጻፈው ማን ነው ብሎ ነው። መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ክሩን ከኪሷ አወጣች። ዘጠኝ። አንዱም አልላላም፤ የባለሙያ ቋጠሮ ነው።

ከማኅተሙ ሥር ጻፈች፦ «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገባች። የተቀበልኳት እኔ ነኝ። መብቷ አልተነበበላትም። ያላነበብኩላትም እኔ ነኝ።» ሙሉ ስሟን አስፍራ ፈረመች። ክሩን ከጎኑ በፕላስተር ለጠፈች። ገጹን ከነክሩ ፎቶኮፒ አደረገችና ለኮሚቴው በሚሄዱት ደብዳቤዎች አናት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የክፍሉን ስልክና የመብቱን ወረቀት ይዛ ወደ አምስት ቁጥር ተመለሰች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አየች። «ለእኔ ነው?»

«ለአንቺ ነው። ወንድምሽ ጋ ትደውያለሽ። መጀመሪያ ግን ይሄን ላንብብልሽ።»

«ስንት ገጽ ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ገጽ ነው ሦስት ቀን የፈጀው?»

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።