በጨረቃ ሽሪምፕ አይወጣም

መጦሪያ ቤቱ ማክሰኞ ጠዋት ደወለ። አልጋ ተገኝቷል፣ ዓርብ ጠዋት ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፣ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል አሏት። ሌላ ሴት ብትሆን ስልኩን ዘግታ ታለቅስ ነበር፤ ወይም ሲድኒ ላለችው ልጇ ትደውል ነበር። ግሌኒስ ግን መጀመሪያ ያየችው ኩሽናው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጨረቃ ቀን መቁጠሪያ ነው። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች እንዲህ ነን፤ ሠርግም ቢመጣ ቀብርም ቢመጣ መጀመሪያ ጨረቃዋን ነው የምናየው። ጨረቃዋ ደግሞ ያን ሰሞን ሙሉ ነበረች። ወይ መከራ!

"እባካችሁ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሱኝ" ብላ ለመነች። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም፤ ግን ምን ታድርግ፣ እሷም ተቀጣሪ ናት። "ለምን ፈለጉት?" ስትላት ግሌኒስ "ጨረቃዋ እስክትጠፋ" ልትል አፏ ላይ ደረሰና አፈረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ቨርን ዕድሜውን ሙሉ በየበጋው ከባሕር ጋር ከሚገናኘው ከዚህ ሐይቅ ሽሪምፕ፣ ያንን ጣት የሚያህል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ፣ በመረብ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ሊሸጥ አይደለም፤ ለሆዱና ለጨዋታው። ደንቡን እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው፦ ቀኑ ሞቆ የዋለ፣ ነፋሱ የተኛ፣ የሐይቁ ውሃ ወደ ባሕር የሚሸሽበት ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ። "በጨረቃ ሽሪምፕ አይወጣም፤ በጨረቃ የሚወጣው ሞኝ ብቻ ነው" ይል ነበር። አሁን የልጁን ስም ረስቷል። መታጠቢያ ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ ረስቷል። ካለፈው ክረምት ወዲህ እሷንም አንዳንዴ "እርስዎ" እያለ እንደ እንግዳ ያናግራታል። ሲያልቅ አያምር የሚባለው ይሄኔ ነው። ግሌኒስ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጦሪያ ቤቱ በር ሳይዘጋበት አንድ ምሽት፣ አንድ ብቻ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ መረቡን ሲያነሣ ልታየው።

መቁጠሪያውን ስታገላብጥ ቀዳዳ አገኘች። ጨረቃ ከሞላች ወዲያ በየቀኑ እየዘገየች ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ሐሙስ ምሽት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቂት ጨለማ ይኖራል። የባሕሩ ውሃ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ሰዓት ነው፣ እሱም አይመችም። ቢሆንም ዳር ዳሩን፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ፣ ለአንድ ሳህን የሚሆን አይታጣም ብላ ተጽናናች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ክላይቭ ውሃ ውስጥ የሚነከረውን መብራት ከነባትሪው አመጣላት።

"በዚህ ጨረቃ ልትወርዱ? እኔ የታመመው ቨርን ብቻ ይመስለኝ ነበር!"

"አፍህን ዝጋና መብራቱን ስጠኝ።"

"ቆይ፣ ሽሪምፖቹን ቀጥረሻቸዋል እንዴ?"

"ክላይቭ፣ ነገ ጠዋት ልወስደው ነው።"

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ዞሮ ሄደ። ሲመለስ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዟል፤ ከሱቅ የገዛው ጥሬ ሽሪምፕ ነው። "ካልመጣላችሁ እፊቱ ጣል ጣል አድርጊለት" አላት መሬት መሬት እያየ። "አያውቅም።"

"ይሄን ነውር ከየት ተማርከው?" ብላ ጮኸችበት። ላስቲኩን ግን አልመለሰችለትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ መረቡን ከጋራዡ አውጥታ ብትመለስ ቨርን የለም። መኝታ ቤት አገኘችው፤ ለነገ ያዘጋጀችለትን ልብስ ግጥም አድርጎ ለብሷል። መጦሪያ ቤቱ ባዘዘው መሠረት ኮሌታው ላይ ስሙን የሰፋችበት ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማ፣ ክራባቱ ሳይቀር!

"ቨርንዬ፣ ሐይቅ ነው እኮ የምንሄደው።"

"ሠርግ አለብኝ" አላት ኮራ ብሎ።

አንዱን ቁልፍ ስትፈታ ሌላውን ይቆልፋል። አንዱን ጫማ ስታወልቅ ሌላውን ያጠብቃል። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ዘፈነችለት። ያቺ እንደ ምንም ያገኘቻት ጨለማ እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ እያለቀችባት ነበር። ኧረ የሰው ልጅ ስንቱን ይችላል!

በመጨረሻ ከነክራባቱ በመኪና ይዛው ሄደች። ሐይቁ ዳር ደርሰው ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ግን ቨርን ቨርን ሆነ። አሸዋው ውስጥ የሚደበቀውን፣ ጅራቱ የሚናደፈውን ጠፍጣፋ ዓሣ እንዳይረግጥ እግሩን ሳያነሣ እየጎተተ ይራመዳል። ይህን ማንም አላስታወሰውም። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ መረቡን ከፊቱ ያዘ፤ እሷም መብራቱን ውሃው ውስጥ ነክራ በግራው ተከተለችው፣ እንደ ድሮው።

"ቀስ" አላት።

ሣሩ ሥር ሁለት ዓይኖች እንደ ፍም አበሩ። የሽሪምፕ ዓይን መብራት ሲያርፍበት እንደዚያ ነው። ቨርን መረቡን ማስጠጋት ሲጀምር ጨረቃዋ ከአሸዋው ጉብታ ላይ ብቅ አለች፤ ትልቅ፣ ዓይን አውጣ! ወዲያው ውሃው ፈካ። መረቡ ሲወጣ ባዶ ነበር።

ወዲያ ወዲህ አሉ። ሌላ ዓይን አልታየም። ግሌኒስ ራሷን እየጠላች፣ እሱ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ጠብቃ ላስቲኩን ፈታችና ጥቂት ሽሪምፕ እፊቱ ለቀቀች።

"ያውልህ! ቨርን፣ ያውልህ!"

ዝቅ ብሎ በመረቡ አወጣቸው። አንዱን በጣቶቹ ይዞ መብራቱ ላይ አገላበጠው።

"ዓይኑ አይበራም" አለ። "ይሄ ከሞተ ቆይቷል።" ቀና ብሎ አያትና ፊቱ ለስለስ አለ። "እመቤቴ፣ ለዚህ አገር አዲስ ነዎት?"

ላስቲኩን ከኋላዋ ደበቀች።

"አይዘኑ፣ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል። በጨረቃ አይወጣም። ሚስቴ ብትሆን በዚህ ምሽት ከቤት አታስወጣኝም ነበር።"

"ጎበዝ ናት... ሚስትህ?"

"እሷ? መረብ ብትይዝ የረገፈ ቅጠል እንኳ አታወጣም!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። "መብራት አያያዝ ላይ ግን አቻ የላትም። እጇ ፍንክች አይልም።"

መብራቱ ግሌኒስ እጅ ላይ ይርገበገብ ነበር።

"በሉ ቤቴ ያድርሱኝ። እኔ ሳልገባ እራት አትበላም።"

መኪናውን እየነዳች አለቀሰች። ቤት ገብታ የተረፈውን የክላይቭን ሽሪምፕ በጨው ውሃ ቀቀለች፤ ነጩን ዳቦ ቅቤ ቀባች፤ ኮምጣጤውን አቀረበች። ቨርን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩን በሩን ያያል።

"ብላ እንጂ።"

"ሚስቴ ትምጣ።"

"ትመጣለች። አንተ ጀምር።"

"እሷ ሳትመጣማ አይሆንም።"

ምግቡ ቀዘቀዘ። ግሌኒስ ተነሣችና በጓሮ በር ወጣች። በረጠበ ሱሪዋ ቤቱን ዞረች፤ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው በኩል፣ በክላይቭ መስኮት ሥር። የፊት በሩ ጋ ስትደርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ከዚያ ከፈተችው።

"መጣሁ ቨርን!"

"አንቺ!" አለ ፊቱ በርቶ። "የት ጠፍተሽ ነው? በረሃብ ልሞት ነው እኮ!"

ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ሽሪምፕ ልጦ እንደ ሁልጊዜው እሷ ዳቦ ላይ አስቀመጠላትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ለክላይቭ እንዳትነግሪው። አንዲት ሴትዮ በዚህ ጨረቃ ሽሪምፕ እናውጣ ብላ ይዛኝ ሄደች።"

"ኧረ ተው!"

"እውነቴን ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ አሳዘነችኝ።" ጥቂት አኘከና እጇን ያዛት። "ነገ ተመልሳ ልትወስደኝ ከመጣች ግን ከእሷ ጋር አልሄድም። አንቺ ንገሪያት።"

ግሌኒስ በሌላው እጇ ኮምጣጤውን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

"እሺ" አለችው። "እነግራታለሁ።"