ሦስት ትንፋሽ

ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው እጥፋት ጀርባ፣ ዝቅ ያለች ዱካ አለች። እዚያች ዱካ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀመጠችው አንዲት ሴት ናት። ሥራዋ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ሹክ ማለት ነው። ድምፅዋ ተዋናዩ ጆሮ ይደርሳል፤ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተመልካች ግን አይሰማውም። ለዚህ ነው የቲያትር ቤቱ ሰው በሙሉ እትዬ ሹክሹክታ የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤት ብቻ ነው እየተባለ ይቀለዳል።

ጭኗ ላይ የሚያርፈው ደብተር አብሯት አርጅቷል። በግራው ገጽ በጽሕፈት መኪና የተተየበው ተውኔት፣ በቀኙ የእሷ የእርሳስ ምልክት። ማን የት እንደሚደናቀፍ፣ ማን የትኛውን ቃል እንደሚውጥ፣ ማን ሲደነግጥ አንድ አረፍተ ነገር ዘሎ እንደሚሄድ፣ ሁሉም እዚያ ሰፍሯል። አንዲት አጭር ጭረት ማለት የአንድ ትንፋሽ ዝምታ ማለት ናት። በመጨረሻው ገጽ፣ አባት ልጁን ከሚሰናበትበት ቃል በላይ፣ ሦስት ጭረቶች አሉ።

ያን ሦስት ትንፋሽ ተውኔቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አባትየውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጫወተው፣ በድምፁ ነጎድጓድ የሚል ስም የወጣለት ሽማግሌ ተዋናይ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ልጁን ያየዋል። ዝም። ዝም። ዝም። ሰው መሀረቡን ከኪሱ ያወጣል። ከዚያ፣ «ሂድ እንግዲህ። በሩን ግን ገርበብ አድርገህ ተወው» ይላል። ልጁ ይወጣል፤ መጋረጃው ይዘጋል።

ሰው ዝምታውን ሐዘን ነው ይለዋል። እውነቱ ግን ነጎድጓድ የሚጠብቀው እሷን ነው። በመጀመሪያው ቀን እዚያ ቦታ ላይ ቃሉ ድርግም ብሎ ጠፍቶበት እሷ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ሹክ ሳትለው ያቺን ንግግር ተናግሮ አያውቅም። ሺህ ጊዜ ያላትን ቃል የማያውቃት ሆኖ አይደለም። ቆሞ ይጠብቃል፣ ሹክ ትለዋለች፣ ይናገራል። «ቀድሜያት ከተናገርኩ ትሸሸኛለች» ይላል፤ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ተውኔቱ አሥራ አንድ ዓመት ተከድኖ ከቆየ በኋላ ዘንድሮ እንደገና ሊታይ ተወሰነ። አዘጋጇ እትዬ ሹክሹክታ ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ናት። ልጅቱ በሕፃንነቷ ያቺ ዱካ ሥር ተኝታ የተውኔቱን ቃል እንደ እሹሩሩ እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን ግን ከዳር እስከ ዳር በዛሬ አነጋገር ጽፋዋለች። «ልጄ ሆይ» የሚለው ሁሉ «ስማ» ሆኗል። «እነሆ» የሚባል ቃል አንድም አልተረፈም።

ሰኞ ልምምድ ላይ የመጨረሻውን ገጽ አደለች።

«ጋሼ፣ አዩት?» አለች።

«አየሁት።»

«እና?»

«መነጽሬ ቆሽሾ መስሎኝ ወለወልኩት። ደግሜ አየሁ።» ነጎድጓድ ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ሚስኮል ይላል።»

«ልክ ነው፤ ሚስኮል ይላል።»

«ዘውድ ደፍቼ በቆምኩበት መድረክ ላይ! ሚስኮል!»

«ዘውዱ እኮ ካርቶን ነበር፣ ጋሼ» አለ ልጅየውን የሚጫወተው ወጣት።

«ካርቶን መሆኑን ያወቅከው አንተ ነህ! ሕዝቡ አላወቀም!»

ሁሉም ሳቁ፤ አዘጋጇም ሳቀች። ቀጥላ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የድሮውን ለተማሪዎች ስናነብላቸው አልነበሩም። ‹በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው› ሲባል ከኋላ አንዱ ‹ሌባ ይገባል!› ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለጌዎች ሆነው አይደለም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ፣ በሩ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ ልጅ፣ ክፍት በር ምን ይነግረዋል?»

«ደራሲው በገዛ እጁ የጻፈውን ነው የምታጠፊው። በመጀመሪያው ቀን፣ ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት የለወጠው ነው። ጽሕፈቱ ደብተሩ ላይ አለ። ንገሪያት እንጂ፣ አንቺ!» ብሎ ወደ ዱካዋ ዞረ።

እትዬ ሹክሹክታ የደብተሩን ገጾች ማገላበጥ ጀመረች።

«እንግዲያው እኔ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም» አለ ነጎድጓድ። «ቅዳሜ ሲከፈት በሩ ጋ እቆማለሁ። እሷ ሹክ ያለችኝን እላለሁ። ከእሷ አፍ ከወጣ ሚስኮልም ቢሆን እላለሁ። ካልወጣ ደግሞ የለመድኩትን።»

የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳትታይ ስትደበቅ የኖረች ሴት፣ ደብተሩን ከፍ አድርጋ ፊቷን ጋረደች።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ያ ቃል የደራሲው አይደለም፤ የአባቷ ነው።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። ፎቶግራፍ አልተወም፤ ድምፁም የትም አልተቀዳም። ታላቅ ወንድሟ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት የወጣ ጠዋት፣ አባቷ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ ከያዘው ሰዓት ቀና ሳይል፣ «ሂድ እንግዲህ። በሩን ግን ገርበብ አድርገህ ተወው» አለው። ወንድሟ አልተመለሰም። በሩም አባቷ እስኪሞት ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በዝናብ ጊዜ ውኃ እየገባ እናቷ ደፉ ላይ ጨርቅ ታነጥፍ ነበር፤ ዝጋው ግን ብላው አታውቅም። ከአባቷ የቀራት ያች ንግግር ናት። ነጎድጓድ በዚያ ድምፁ ሲናገራት፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ጨፍና ያን የሰዓት ዘይት ሽታ ታሸታለች። ቅዳሜ ያች ቃል ካልተባለች የምትባልበት ሌላ ቦታ የለም።

ሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ አደረች። ዓርብ ጠዋት ሻይ ቀድታ ልጅቱን አስቀመጠቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ስትሰሚ አትጩሂ።»

«እምዬ፣ አስፈራሽኝ።»

«ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ። ደራሲው የጻፈው ስምንት ስንኝ ነበር፣ ‹ልጄ ሆይ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ የእርጅናዬ ምርኩዝ ሆይ› እያለ የሚወርድ። ያ ነጎድጓድ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ቃሉ ጠፋበትና ዓይኑን ተከለብኝ። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ገጹ የለም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። ዝም ብል ሊወድቅ ነው። ያኔ አፌ ላይ የመጣልኝ አባቴ ወንድሜን ያለው ነው። ሹክ አልኩት፤ ተናገረው።»

ልጅቱ ስኒዋን ከአፏ መለሰች።

«መጋረጃው ሲዘጋ ደራሲው መጣ። የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ‹ማን ነው ያለው?› አለኝ። ‹አባቴ› አልኩ። እርሳሴን ከእጄ ወሰደና በስምንቱ ስንኝ ላይ አንድ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሰረዘ፤ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጎ። ከዚያ የአባቴን ቃል ጻፈ። ለኃላፊው ደግሞ ‹ከቀትር በኋላ ለውጬው ልነግራችሁ ረሳሁ› አለው። ይኸው ነው። እሱም አረፈ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

ልጅቱ ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ይስቃል።

«እና አዲሱን እኔ ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?»

«ከስልክሽ ነዋ።»

«ከአንቺ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! ሚስኮል የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

«ወጥቷል። ለትምህርት የሄድኩ ቀን፣ አውቶቡስ ተራ። የሻንጣዬ ዚፕ ተበላሽቶ በቀይ ክር ሰፋሽው። ክሩን በጥርስሽ ቆረጥሽና፣ ‹ሂጂ እንግዲህ። ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊልኝ። እንዳታወሪ፤ ጠርቶ ሲዘጋ ይገባኛል› አልሽኝ። እንዳታወሪ ያልሽው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ካወራሁ እንደምታለቅሺ የገባኝ መንገድ ላይ ነው።»

«አላልኩም።»

«ብለሻል፣ እምዬ።»

የሰውን ሁሉ ቃል ስታስታውስ የኖረች ሴት የራሷን አላስታወሰችም። አፈረችና ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። ልጅቱ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋ ላይ አገጯን አሳረፈች።

«የቅድመ አያቴ መሆኑን ባውቅ አልነካውም ነበር። በቃ፣ ነገ የድሮው ይባል። ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

«ማን ቅደጂ አለሽ? ተይው፤ ላስብበት።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። እትዬ ሹክሹክታ በመጋረጃው ክፍተት አየች። ሸበቶዎቹ መሀረባቸውን ቀድመው አዘጋጅተዋል። አጠገባቸው የልጅ ልጆቻቸው ጉልበታቸውን ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ተክለዋል። ጭኗ ላይ አሮጌው ደብተር ተገልጧል፤ በላዩ አዲሱ ወረቀት። ልቧ የቆረጠው ግን ገና ጠዋት ነው፤ የአባቷን ቃል ነው የምትለው። ልጅቱ ፈቅዳለች፣ ነጎድጓድ ይጠብቀዋል፣ ሸበቶዎቹም የመጡት ለእሱ ነው። ማንን ይጎዳል?

ተውኔቱ ሄደ። ልጆቹ በትክክለኛው ቦታ ሳቁ። ነጎድጓድ እያጉረመረመም ቢሆን «ስማ» ማለቱን ለምዶታል። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ከጓዳ ወጣ፤ በሩ ጋ ቆመ።

የሻንጣው ዚፕ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

በልምምድ ጊዜ ሻንጣ አልነበረም፤ በካርቶን ነበር የሚሠሩት። አሁን ክሩን ስታይ ጣቷን መርፌ የወጋት መሰላት። የአውቶቡሱ ረዳት የመዳረሻውን ስም ሲጣራ፣ የክሩ ጫፍ ምላሷ ላይ ሲቀር፣ የልጅቱ አንገት ከሹራቡ ውስጥ ቀጥኖ ሲወጣ፣ ሁሉም በአንዴ መጣ። ለካ ብላ ነበር። በዚያች ሰዓት የአባቷን ቃል ልትል አስባ እንደነበርም ትዝ አላት። ልጅቱ ግን የምትሄደው በአውቶቡስ ነው፤ ገርበብ የሚል በር አልነበራትም። ያላት ስልክ ነበር። አያትየዋም ልጅቱ ባላት ነገር ነገረቻት።

ነጎድጓድ ወደ መጋረጃው ጥግ ዓይኑን ላከ። አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ሦስት።

«ሂድ እንግዲህ» አለች እትዬ ሹክሹክታ። «ስትደርስ ሚስኮል አድርግልኝ። እንዳታወራ፤ ጠርቶ ሲዘጋ ይገባኛል።»

ሽማግሌው አልተናገረም። አራተኛው ትንፋሽ አለፈ። ዓይኑ «እውነትሽን ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ያ ሁሉ ድምፁን የት እንዳስቀመጠው እንጃ፣ ሰዓት ሠሪ ከሥራው ቀና ሳይል እንደሚናገረው ዝቅ አድርጎ ተናገረው። «ሚስኮል» ሲል ከኋላ አንድ ሳቅ ብልጭ አለ። «እንዳታወራ» ሲል ሳቁ ጠፋ። ልጁ ወጣ። የመድረኩ የብረት በር ከኋላው በራሱ ተዘጋ፤ ድምፁ አዳራሹን ዞረው። ጭብጨባው ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ የተሰማው አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ነው፤ ሽማግሌ ይሁን ልጅ አይለይም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ነጎድጓድ የፊቱን ቀለም እንኳ ሳያጥብ ዱካዋ አጠገብ መጥቶ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ።

«አስባልሽኝ።»

«አስባልኩህ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ።»

«ደፋር!» ወደ ደብተሩ ጠቆመና፣ «የፊተኛውንስ?» አለ። ፈገግ ስትል ተጠራጠረ። «ደራሲው ነው አይደል?»

«አባቴ ነው። ሰዓት ሠሪው።»

ነጎድጓድ ባዶው አዳራሽ እስኪያስተጋባ ሳቀ። «እና እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ደራሲው ለእኔ ብሎ የለወጠው ነው እያልኩ የጎረርኩት፣ የሰዓት ሠሪ ቃል ይዤ ነው?»

«አላሳፈርከውም።»

ሳቁን ጨርሶ ዓይኑን ጠረገ፤ ቀለሙ ተዝረከረከ። ልጅቱ ከመድረኩ ማዶ ሻንጣውን ታቅፋ ቆማ ታያቸዋለች።

«ለመሆኑ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚስኮል የምትለዋ ላይ አልተጫንኩም?»

«ትንሽ ተጭነሃል። ነገ ላላ አድርጋት።»

«ላላ። እሺ።» ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሞከራት።

እትዬ ሹክሹክታ እርሳሷን አወጣች። በአባቷ ቃል ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሳበች፤ ከሥሩ እንዲነበብ። በታቹ አዲሱን ጻፈች። ወደ ላይ መለስ ብላ ከሦስቱ ጭረቶች ቀጥሎ አራተኛ ጨመረች።