ሸዋገነት ያላየችው መልአክ

አቶ አለሙ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ መልአክ ሳያዩ በሰላም ኖረው፣ በሃምሳ አራተኛው ዓመታቸው አዩ። ያዩትንም በሆዳቸው አላሳደሩም። ጥር አንድ ቀን የቅዱስ ራጉኤል ማኅበር ጽዋ ሊጠጣ እቤታቸው በተሰበሰበበት፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥተው ቆሙ።

«መልአኩ መጣብኝ» አሉ። «ክንፉን ዘርግቶ ከራስጌዬ ቆመና፣ አለሙ፣ የቦጋለን ልጅ ሸዋገነትን አግባ ብሎ አዘዘኝ። እኔ ምን አቅም አለኝ? ልታዘዝ ነው እንጂ።»

ሸዋገነት በሩ አጠገብ ቆማ ጠላ ትቀዳ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አቶ አለሙ ሚስታቸው ስለሞተችባቸው የማኅበርተኞቹ ልጆች ለመስተንግዶ ተጠርተው፣ እሷም ከእነሱ ጋር መምጣቷ ነበር። የምትቀዳው ጠላ ከዋንጫው አልፎ ጫማዋ ላይ ሲፈስ አልታወቃትም።

የመርካቶ ነጋዴ አቡጀዲ እንኳ ሲገዛ ሳይጎትት፣ ሳያሽ፣ ለፀሐይ ይዞ ሳያይ አይከፍልም። ማኅበርተኛውም ራእዩን እንዲሁ በዋዛ አልተቀበለም፤ መረመረ።

«ክንፉ ምን ዓይነት ነው?» ሲሉ የጨው ነጋዴው አቶ አስናቀው ጠየቁ።

«ነጭ።»

ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስታወሱ። ነጭ ነው። ገጠመ።

«በምን ቋንቋ ነው ያናገረዎት?»

«በግዕዝ ጀመረና ‹ተንሥእ› አለኝ። እንዳልገባኝ ሲያይ ወደ አማርኛ ተመለሰ።»

ይሄ በተለይ የብዙዎቹን ልብ ነካ። መልአክ ሆኖ እንዲህ የሰው ችግር የሚገባው!

«ሰዓቱስ?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

የንጋት ሕልም እንደማይዋሽ ያላወቀ አልነበረም። ምርመራው በዚሁ አለቀ። የሠላሳ አምስት ዓመቱን ልዩነት ያነሣ የለም። ልጅቱንማ ማን ይጠይቃት፤ መልአኩ ራሱ አልጠየቃት። አቶ አለሙ ደግሞ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ቆርቆሮና ምስማር በጅምላ የሚሸጡ፣ ባለፎቅ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። መልአክ ለእሳቸው ያልታየ ለማን ይታያል? የማኅበሩ የንስሐ አባት መምህር ኃይለመለኮት ያን ዕለት ለተዝካር ሰላሌ ወርደው ስለነበር፣ ሠርጉ ያለ እሳቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሸዋገነት ከአባቷ ከጋሼ ቦጋለ ኋላ ኋላ እየሄደች፣ «አባባ፣ እኔ እንቢ ብያለሁ» አለች።

«እንቢ የምትይው ለእኔ ነው ለመልአኩ?»

«ለአቶ አለሙ።»

«አቶ አለሙማ ምን አደረጉ? መልእክተኛ ናቸው።»

ጋሼ ቦጋለ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በቀለላት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግረዋት አያውቁም። ጃንጥላ ነጋዴ ናቸው፤ ራጉኤል በሚታሰብበት ቀን ሱቅ ቢከፍቱ ጃንጥላው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይበሳል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ሱቅ ውስጥ እንቢ አለቻቸው፤ አማተቡ። ምሳ ላይ እንቢ አለቻቸው፤ ጉርሻቸውን መልሰው አማተቡ። ከቅዳሴ መልስ አልቅሳ እንቢ አለቻቸው፤ እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ፤ ከዚያ አማተቡ። ልጃቸውን ይወዷታል፤ መልአኩን ግን ይፈሩታል። ሰው ደግሞ በሚወደውና በሚፈራው መካከል ሲቆም ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው።

የሱቃቸው ጎረቤት የጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ጠሃ ነበሩ። ልጃቸው ሀጅራና ሸዋገነት አብረው ያደጉ ናቸው። አንድ ቀን ጣቃ ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጥፉ ሸዋገነት የልቧን አወራቻት።

«እኛም ዘንድ ሞልቷል» አለች ሀጅራ። «ወሎ አያቴ ዘንድ አንድ ሰው መጥቶ፣ በሕልሜ የጎረቤትህን በሬ ውሰድ ተባልኩ አለ። አያቴ ሼህ ነበሩ። ‹ስጥ የተባልከውስ ነገር አለ?› አሉት። የለም አለ። ‹እንግዲያ ያናገረህ ሆድህ ነው› ብለው ሸኙት።»

ሸዋገነት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች፤ ጨርቁንም ለቀቀችው።

«ምነው?» አለች ሀጅራ።

«አቶ አለሙስ ስጥ ቢባሉ?»

በመልአክ ስም መዋሸት ለጋሼ ቦጋለ ልጅ ቀላል ነገር አልነበረም።  በራጉኤል ደጅ ባለፈች ቁጥር አንገቷን ደፍታ አለፈች። ግን ዳግማይ ትንሣኤ እየቀረበ ነው፤ አቶ አለሙም ቀሚስ ልከዋል።

የካቲት አንድ ጽዋው የጋሼ ቦጋለ ተራ ነበር። መምህር ኃይለመለኮትም ተገኝተው ከላይ ተቀምጠዋል። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ሸዋገነት የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀምጣ መሐል ገባች።

«እኔም አየሁ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄ ለራእይ ተስማሚ ነበር።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«መልአኩ መጥቶ፣ አለሙ አንቺን ከማግባቱ በፊት ፎቁን ከነቆርቆሮው ከነምስማሩ ለማኅበሩ ይስጥ፤ ይሄን ለእሱ ልነግረው ስል ቸኩሎ ነቃብኝ፣ አለኝ።»

«ክንፉ?» አሉ አቶ አስናቀው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

«ነጭ።»

«ቋንቋው?»

«በአማርኛ ብቻ።»

«ልክ ነው! ለሴት ልጅ በግዕዝ ምን ያደክመዋል? ሰዓቱስ?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

እልል ተባለ። በዚያች ቤት ውስጥ እንደዚያ ቀን እምነት ተትረፍርፎ አያውቅም። አቶ አስናቀው የታችኛው ክፍል እርጥበት ስለሌለው ለጨው እንደሚመች፣ ከጎናቸው ላለው ሰው ወዲያውኑ ያስረዱ ጀመር። ሌላው ደግሞ ፎቁ ላይ የማኅበሩን ዕቃ ቤት አድርጎ፣ ቁልፉን በአደራ ለመያዝ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ።

አቶ አለሙ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ተነሡ።

«ቆይ እንጂ! ሕልም ሁሉ ራእይ ነው እንዴ? ሰይጣንም የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣል ተብሎ ተጽፏል!»

«ጥሩ» አሉ መምህር ኃይለመለኮት። ዳቧቸውን በዝግታ ያኝካሉ።

«አንድ ሰው ለራሱ የሚጠቅመውን ነገር አየሁ ሲል ወዲያው አይታመንም! ልጅቱ እኔን አትወድም፤ ይሄ ይጠቅማታል!»

«እሱም ጥሩ ነው። ቀጥል፣ አለሙ።»

«ሱባኤ ተይዞበታል? ለንስሐ አባት ተነግሯል? ዝም ብሎ በዳቦ ላይ ተነሥቶ ይነገራል እንዴ!» አቶ አለሙ እያላባቸው ሄደ። ሃምሳ አራት ዓመት በውስጣቸው ተደብቆ የኖረው ሊቅ ዛሬ ወጣ። «እውነተኛ መልእክተኛ ደግሞ ይፈራል! ዮናስ ሲላክ በመርከብ ሸሸ። ሙሴ፣ አፌ ኮልታፋ ነው ሌላ ሰው ላክ አለ። ማን ነው እየሮጠ መጥቶ አየሁ ያለ?»

መምህር ኃይለመለኮት የእጃቸውን ፍርፋሪ አራገፉ።

«ድንቅ ትምህርት ነው። እኔም እንዲህ አሳምሬ አላስተምረውም። እንግዲህ በዚሁ እንመዝን። ያለፈው ወር ራእይ የጠቀመው ማንን ነው?»

አቶ አለሙ ዓይናቸውን ዳቦው ላይ ተከሉ።

«ሱባኤ ተይዞበት ነበር? ለእኔስ ተነግሮኝ ነበር? ያየው ሰውስ፣ አለሙ፣ ሸሸ ወይስ ሮጦ መጣ?»

 አቶ አለሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁለቱም ሕልም ቀርቷል» አሉ መምህሩ። «ሠርግም የለም፤ ፎቅም የለም። ጽዋችሁን ጠጡ።»

አቶ አስናቀው እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ የመጀመሪያው ቢቀር ግድ የለም። ሁለተኛው እንኳ ብቻውን...»

«ጠጣ፣ አስናቀው።»

በሳምንቱ ሸዋገነት ለመናዘዝ መምህር ኃይለመለኮት ዘንድ ሄደች። እግራቸው ሥር ወደቀች።

«አላየሁም፣ አባቴ። ዋሽቼ ነው።»



«ሠላሳ ዓመት ሰው አናዘዝኩ» አሉ መምህሩ። «አየሁ ብሎ ያልመጣብኝ የለም። ሚካኤልን ያየ፣ ገብርኤልን ያየ፣ የጎረቤቱን ድግምት ያየ። አላየሁም ብሎ የመጣ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«ምን ላድርግ ብለው ነው? በራሴ አፍ እንቢ ስል የሚሰማኝ አጣሁ» አለችና እንባዋ መጣ። «በመልአኩ አፍ ስናገር ሁሉም ሰማኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቢሆንም ውሸት ውሸት ነው። አርባ ስግደት ስገጂ።»

«አቶ አለሙስ ስንት ታዘዘላቸው?»

«እሱማ እስከ ዛሬ አየሁ እንዳለ ነው። አላየሁም ካላለ ንስሐውን ከየት አምጥቼ እሰጠዋለሁ?»

ሸዋገነት አርባውን በራጉኤል ቅጽር ስትሰግድ ጋሼ ቦጋለ ጃንጥላ ዘርግተው ፀሐዩን ከለሉላት። ለምን እንደምትሰግድ አልጠየቋትም፤ ባለ ራእይ ሴት መስገዷ ምን ያስደንቃል። ስትጨርስ አብረው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። የመርካቶውን ምን አለሽ ተራ እስኪያልፉ ድረስ አባትየው ሊናገሩ እያሉ ይተዉታል። ሸዋገነት ይቅርታ ሊጠይቋት መስሏት ትጠብቅ ነበር።

ጋሼ ቦጋለ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ መልአኩ ስለ እኔ ምንም አላለሽም?»

ሸዋገነት ቆመች። አባቷን አየቻቸው። ዓይናቸው በፍርሃትና በተስፋ ተሞልቶ ይጠብቃታል።

«ብሏል» አለች።

«ምን አለ?»

«ልጅህ እንቢ ስትል ስማት፣ ብሎዎታል።»

ጋሼ ቦጋለ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ይሁን» አሉ። «እንዳለው ይሁን፤ ከእንግዲህ እሰማሻለሁ።»

ሸዋገነትም ፊቷን አዙራ ወደ ራጉኤል ተመለሰች። አዲስ አርባ ስግደት ነበረባት።